መኪና አልነሳ ሲል

መኪና «አልነሳ አለ» የሚባለው አሽከርካሪው ቁልፉን ጠምዝዞ ወይም የማስነሻውን አዝራር ተጭኖ ሞተሩ በራሱ ጉልበት መሥራት ሳይጀምር ሲቀር ነው። በቤንዚንም ሆነ በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ከቆመበት ብቻውን አይነሳም፤ መጀመሪያ ሌላ ኃይል ሊያዞረው ይገባል። የሚያዞረው ሞተሪኖ ነው፤ ሞተሪኖን የሚያዞረው ደግሞ ባትሪ። ሞተሩ በደቂቃ 200 ዙር ያህል እየተሽከረከረ ሳለ ነዳጅ በልኩ ከደረሰው፣ ፒስተኖቹ አየሩን በደንብ ከጨመቁትና ካንዴላው በሰዓቱ ብልጭታ ከሰጠ ይነሳል። ናፍጣ በብልጭታ አይነሳም፤ የታመቀው አየር ራሱ ግሎ ነዳጁን ያቀጣጥለዋል።

ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል መኪናው ይቆማል። የትኛው እንደጎደለ ሳያጣሩ ዕቃ መቀየር ግን በየጋራዡ የሚታይ ጥፋት ነው። አዲስ ባትሪ ተገዝቶ፣ ተገጥሞ፣ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ጥፋቱ የላላ የባትሪ ገመድ ሆኖ ይገኛል። ለብልሽቱ ብዙውን ጊዜ ተጠያቂው ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው ያለው አጭር መስመር ስለሆነ ፍለጋው የሚጀመረው ከዚያ ነው።

ከማኖቬላ ወደ ሞተሪኖ

የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች የሚነሱት ከፊት በሚገባ ማኖቬላ፣ በሰው ጉልበት ነበር። ሞተሩ ድንገት ወደ ኋላ ሲመታ ማኖቬላው የአዟሪውን አንጓ ወይም ክንድ ይሰብር ነበር። አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርለስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በካዲላክ መኪና ላይ ተገጥሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። የፎርድ ሞዴል ቲ ይህን ዕቃ ለማግኘት እስከ 1919 ጠብቋል።

በአማርኛ የዕቃዎቹ ስም አብዛኛው ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፦ ሞተሪኖ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ። አንዱ ስም ግን ዕቃው ከተለወጠ በኋላም ሳይለወጥ ቀርቷል። ዛሬ ኮፈን ሥር ሆኖ ባትሪ የሚሞላው አልተርኔተር ነው፤ ባለሙያውም ባለመኪናውም ዲናሞ ይሉታል። እውነተኛው ዲናሞ ከመኪና ላይ ከወረደ አሥርት ዓመታት አልፈዋል።

ድምፁን መስማት

ኮፈን ከመከፈቱ በፊት ሬዲዮውንና ማራገቢያውን አጥፍቶ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቁልፉን ጠምዝዞ በጥሞና መስማት የሥራው ግማሽ ነው።

ቀጭ ቀጭ ቀጭ የሚል ፈጣን ድምፅ ከተሰማ ባትሪው ደክሟል። ሞተሪኖው ላይ የተቀመጠው ሶሌኖይድ ለመሳብ ጥቂት ኃይል ስለሚበቃው ይስብና ወፍራሙን መስመር ይገጥማል። በዚያች ቅጽበት ሞተሪኖው ከ100 አምፔር በላይ ይጠይቃል። የደከመው ባትሪ ይህን ማቅረብ አይችልም፤ ቮልቱ ይወድቃል፣ ሶሌኖይዱም ይለቃል። ጭነቱ ሲነሳለት ባትሪው ትንሽ ያገግማል፣ ሶሌኖይዱ እንደገና ይስባል። የሚሰማው ድምፅ ይህ መያዝና መልቀቅ በሰከንድ ውስጥ ሲደጋገም ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ቀጭ ብሎ ዝም ካለና የፊት መብራቱ ካልደበዘዘ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው ይዞራል። ውስጡ ያለው ካርቦን አልቆ ወይም መገናኛው ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። መካኒኮች በጎማ መፍቻ እጀታ ሞተሪኖውን ቀስ አድርገው መታ መታ ያደርጉታል፤ ያለቀው ካርቦን ለጊዜው ይገጥምና መኪናው ይነሳል። ይህ ዘዴ ጋራዥ ድረስ የሚያደርስ እንጂ ጥገና አይደለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሞተሪኖው ለምቱም አይመልስም።

ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ክሩስኮቱን፣ ማለትም ከመሪው ፊት ያለውን የጌጅና የመብራት ሰሌዳ ማየት ነው። ምንም መብራት ካልበራ ባትሪው ባዶ ነው ወይም ገመዱ ተላቋል። መብራቱ ሁሉ ሙሉ ሆኖ ዝም ካለ ግን ብልሽት ላይኖር ይችላል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ማርሹ ፒ ወይም ኤን ላይ ካልሆነ አይነሳም፤ በአዝራር የሚነሳው ፍሬን ካልተረገጠ፣ ብዙ ማንዋል መኪናዎች ደግሞ ፍሪሲዮን ካልተረገጠ እሺ አይሉም። ቁልፉ አልዞር ካለ መሪው ቆልፎ ስለሆነ መሪውን ግራና ቀኝ እያወዛወዙ መሞከር ነው። ክሩስኮቱ ላይ የቁልፍ ወይም የመኪና ምልክት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ መኪናው ቁልፉን አላወቀውም ማለት ነው፤ አንዳንዱ ተነስቶ በአንድ ሁለት ሰከንድ ይጠፋል። ያኔ ሁለተኛውን ቁልፍ መሞከር፣ ወይም የሪሞቱ ባትሪ ደክሞ ከሆነ ሪሞቱን ራሱን አዝራሩ ላይ አስጠግቶ መጫን ይረዳል።

ባትሪና ጫፎቹ

የመኪና ባትሪ እያንዳንዳቸው 2.1 ቮልት ያህል የሚሰጡ 6 ክፍሎች አሉት። ሙሉ ሆኖ ያረፈ ባትሪ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሹ ተሟጧል፤ 12 እና ከዚያ በታች ከሆነ ሊያስነሳ መቻሉ ያጠራጥራል። ሞተሩ ሲሠራ ልኬቱ ከ13.8 እስከ 14.5 ካልደረሰ ባትሪው ሳይሆን ዲናሞው ወይም ቺንጋው ይመረመራል። ይህን ሁሉ የሚነግረው መለኪያ ዋጋው ከአዲስ ባትሪ ጋር አይወዳደርም፤ አስገራሚው ነገር ስንቱ ባለመኪና ሳይኖረው መኖሩ ነው።

መለኪያ ከሌለ መብራት አለ። የፊት መብራት አብርቶ ቁልፉን ሲጠመዝዙ መብራቱ ሊጠፋ እስኪደርስ ከፈዘዘ ባትሪው ወይም የገመዱ መያዣ ነው ችግሩ። መያዣው ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሮ ከታየ መልሱ ተገኝቷል። ዱቄቱ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ለክሩስኮት መብራት የምትበቃ ቀጭን መንገድ ቢተውም ሞተሪኖ ለሚጠይቀው ብዛት ይዘጋል። ሙቅ ውሃ ላይ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ ማፍሰስ አሲዱን ያረክሰዋል፤ ከዚያ እርሳሱ ብረት እስኪያበራ መፈግፈግና መያዣውን በእጅ ሲወዘውዙት እስከማይነቃነቅ ማጥበቅ ነው። ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቀድማል፣ ሲታሰር ኔጌቲቩ ይከተላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ፖዘቲቩ ሲፈታ መፍቻው የመኪናውን ቦዲ ቢነካ፣ ኔጌቲቩ አስቀድሞ ስለተፈታ እሳት አይረጭም።

ባትሪ የሚደክመው በእርጅና ብቻ አይደለም። የተለመደ ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሁለት የ55 ዋት የፊት መብራቶች በርተው ቢያድሩበት 9 አምፔር ያህል ይወስዱበታል፤ በስድስት ሰባት ሰዓት ባዶ ይሆናል፤ ማስነሳት የሚያቅተው ደግሞ ከዚያም በፊት ነው። ሙቀትም ጠላቱ ነው። እንደ ድሬዳዋና አፋር ባለ ቆላ ውሃው እየተነነ ሳህኖቹ ይራቆታሉ። የተነነው ውሃ ብቻ ስለሆነ የሚጨመረውም የባትሪ ውሃ ነው። «አሲድ ጨምርበት» የሚለው ምክር የባትሪውን ሞት ያፈጥናል እንጂ አያድነውም።

ገመድ ማቀበል

ከሌላ መኪና ኃይል መውሰድ ቅደም ተከተል አለው። ቀዩ ገመድ በመጀመሪያ የሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ፣ ቀጥሎ የደህናው ፖዘቲቭ ላይ ይታሰራል። ጥቁሩ የደህናው ባትሪ ኔጌቲቭ ላይ ይታሰርና ሌላው ጫፉ በአልነሳው መኪና ሞተር ላይ ባለ ቀለም ያልተቀባ ብረት ላይ፣ ከባትሪው ራቅ ብሎ ይያዛል። የመጨረሻው ጫፍ ሲነካ ብልጭታ መፍጠሩ አይቀርም፤ ባትሪ ደግሞ ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ይለቃል፤ ሁለቱ እንዳይገናኙ ነው። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ከተገለባበጡ የዲናሞው ዳዮዶችና የመኪናው ኮምፒውተር ሊቃጠሉ ይችላሉ። ደህናው መኪና ጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ የሞተው ይሞከራል።

ሲነሳ ደስ ብሎ ወደ ቤት መሄድ ሥራውን አይጨርሰውም። ከሰፈር እስከ ሰፈር የሚደረግ አጭር ጉዞ ባዶ ባትሪ አይሞላም፤ ለሱ ቻርጀር ያስፈልጋል። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ጤነኛ ነው» የሚለው የድሮ ፍተሻ ደግሞ በዘመናዊ መኪና ላይ መደረግ የለበትም፤ ባትሪው በሌለበት የሚዘለው ቮልት ኮምፒውተሩን ሊያበላሽ ይችላል።

ገፍቶ ማስነሳት

ባትሪ የደከመበት የላዳ ታክሲ ባለቤት ማታ ቁልቁለት መርጦ የሚያቆመው ለእይታ ብሎ አይደለም። ቁልፉ ይበራል፣ ሁለተኛ ማርሽ ይገባል፣ ፍሪሲዮን ይረገጣል፤ የሰፈሩ ልጆች ገፍተው መኪናው ሲፈጥን ፍሪሲዮኑ በአንዴ ይለቀቃል። ጎማው ሞተሩን ያዞርና የሞተሪኖን ሥራ ይሠራል። ለካርቡራቶር መኪና ይህ ዘዴ ወርቅ ነው። ኢንጀክሽን ያለው መኪና ግን ባትሪው ጨርሶ ከሞተ ኮምፒውተሩና የነዳጅ ፖምፓው ስለማይሠሩ ሲገፋ ቢውልም አይነሳም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ከነጭራሹ አይገፋም፤ ጎማውና ሞተሩ በፈሳሽ እንጂ በቀጥታ አይያያዙም። ሞተር ባልተነሳ መኪና ውስጥ የፍሬንና የመሪ አጋዥ ኃይል ስለሌለ ቁልቁለቱ ረጅምና መኪና የሚበዛበት ከሆነ ዘዴው አደገኛ ነው።

ይዞራል፣ አይነሳም

ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ ካልያዘ ባትሪው ከክሱ ነፃ ነው። ቁልፉ ሲበራ ከኋላ ወንበር ሥር ወይም ከታንከሩ በኩል ለሁለት ሰከንድ ያህል የሚሰማ «እዝ» የሚል ድምፅ አለ፤ ፖምፓው ነው። ካልተሰማ ፊውዙና ሪሌው ይታያሉ። ነዳጅ መኖሩን መጠየቅም አያሳፍርም፤ ዳገት ላይ የቆመ መኪና ጌጅ ይዋሻል።

ቤንዚን ከሸተተ ሞተሩ ታፍኗል። ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጦ ማዞር በብዙ የኢንጀክሽን መኪናዎች የነዳጅ መርጫውን ይዘጋና ሲሊንደሩን ያናፍሰዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ካርቡራቶሩ ለቆላ የተስተካከለ አሮጌ መኪና እዚህ ቤንዚን ይበዛበትና ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል። ካንዴላውን በእጅ ይዞ ብልጭታ መፈለግ ግን የሞኝ ድፍረት ነው፤ መስመሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይይዛል።

ሲሞቅ ጠፍቶ ሲበርድ የሚነሳ መኪና ካለ የክራንክ ሴንሰሩ ይጠረጠራል። ሞተሪኖው ከወትሮው ፈጥኖና ቀልሎ የሚያዞር ከሆነ ደግሞ የታይሚንግ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ማቆም ነው፤ በብዙ ሞተሮች ፒስተኑ ቫልቮቹን እየመታ ያጣምማል። በማንኛውም ሁኔታ በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ ማዞር ሞተሪኖውን ሊያቃጥል ይችላል፤ በመሐል አንድ ደቂቃ ያህል ማሳረፍ ይገባል።

ናፍጣና ብርድ

በኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ደብረ ብርሃን ላይ ያደረ ናፍጣ መኪና በታመቀው አየር ሙቀት ብቻ ለመነሳት ይቸገራል። ለዚህ ሲሊንደሩን ቀድማ የምታሞቅ ካንዴሌታ አለች፤ ክሩስኮቱ ላይ ያለችው የጥቅልል ሽቦ ምልክት እስክትጠፋ ሳይጣደፉ መጠበቅ ነው። ነዳጅ ካለቀበት ወይም ፊልትሮ ከተቀየረ በኋላ አልነሳ ካለ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል፤ ፊልትሮው ላይ ባለችው የእጅ ፖምፓ ጠንከር እስክትል ጨምቆ አየሩን ማስወጣት ይበቃዋል። በስህተት ቤንዚን የተቀዳበት ናፍጣ መኪና ቁልፉ እንኳ መነካት የለበትም፤ ታንከሩ ባለበት ቦታ ይራገፋል።

የኤሌክትሪክ መኪናስ?

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በየመንገዱ የሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ሞተሪኖም ካንዴላም የላቸውም። አልነሳ የሚሉበት ቀን ግን አለ። ከወለላቸው ሥር ካለው ትልቅ ባትሪ ሌላ እንደ ማንኛውም መኪና ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ ይይዛሉ፤ ኮምፒውተሩን የሚያነቃውና የትልቁን ባትሪ መገጣጠሚያ የሚዘጋው እሷ ናት። ትንሿ ከሞተች ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነቃም፤ በሩም በሪሞት ላይከፈት ይችላል። ትንሿ ባትሪ የት እንደተቀመጠች የሚነግረው የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ነው፤ ባለመኪናው ቦታዋን መኪናው በሚሠራበት ቀን ቢያይ ይሻላል።