«ትራክ 01» ማን ነው?

ከአየር ጤና በወለቴ አድርጎ ዓለም ገና በሚያደርሰን ታክሲ ውስጥ ማዳመጫውን ለሁለት ተካፍለን፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ጆሮ፣ ዘፈን የሰማንበትን ጊዜ አንረሳውም። ማጫወቻዋ አውራ ጣት ታህል ነበር። ዘፈኑ ይንቆረቆራል፤ መስኮቷ ላይ የሚታየው ግን «ትራክ 01» ነው፤ አለዚያም የአራት ማዕዘን ሳጥኖች ሰልፍ። ዘፋኙን በድምፁ ለየነው። ግጥሙ የማን ነው? ዜማውስ? ተከራከርን፣ ተወራረድን፣ ዓለም ገና ደርሰን ወረድን። መልስ አላገኘንም።

ነገሩ ቀልድ ይምሰል እንጂ ታሪክ አለው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አምሐ እሸቴ በ1969 አምሐ ሬከርድስን ሲጀምር ሙዚቃችን የሚታተመው በሸክላ ነበር። ኋላ ካሴት መጣ። የካሴት ሽፋን ያነበበ ያስታውሳል፦ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ። ያቺ ቁራጭ ወረቀት የባለሙያዎቹ መታወቂያ ነበረች። ካሴቱና ሲዲው ወደ ኤምፒስሪ ሲገለበጥ ድምፁ ተሻገረ፤ ወረቀቷ ቀረች።

ለምን ቀረች? የዘፈኑን መረጃ በኤምፒስሪ ፋይል ውስጥ የሚይዘው አይዲስሪ የተባለ ዘዴ በ1996 ሲጀመር ለሁሉም የመደበው 128 ባይት ብቻ ነበር፦ ለርዕስ 30፣ ለዘፋኝ 30፣ ለአልበም 30። የታሰበውም ለላቲን ፊደል ነው። የእኛ አንድ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚበላ፣ በግድ ቢጠቀጠቅ እንኳ የሚገባው 10 ፊደል ነው። «ጥላሁን ገሠሠ» ይገባል፤ ለገጣሚው፣ ለዜማ ደራሲውና ለአቀናባሪው ግን ጭራሽ መቀመጫ አልተሰጣቸውም። ፊደላችን ራሱ ዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የጻፈውን ሌላው ሲከፍተው ዝብርቅርቁ ይወጣ ነበር። ሳጥኖቹም የመጡት ማጫወቻዋ የግዕዝ ፎንት ስለሌላት ነው።

በዚህ ላይ ሊኑክስ ተጨመረ። በ2004 የወጣው ኡቡንቱ እስከ 2011 ድረስ ሲዲውን በፖስታ፣ ያውም በነፃ፣ ይልክ ነበር። ኢንተርኔት እንደ ኤሊ በሚጎተትበት አገር ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ነገር ግን ኤምፒስሪ በፓተንት የታጠረ ስለነበር ማጫወቻው ኮዴክ በሲዲው ላይ አልነበረም፤ ከኢንተርኔት አውርዱ ነው ነገሩ። ዞሮ ዞሮ ኤሊዋ ጋ!

አይፖድ ደግሞ የባሰ ነበር። በ2001 ሲወጣ ለማክ ብቻ ነው፤ በኋላ ዊንዶውስ ተጨመረለት፤ ሊኑክስ ግን አልታሰበም። በጎ ፈቃደኞች የዘፈን መዝገቡን አሠራር በራሳቸው ፈትተው ጂቲኬፖድን ሠሩ። በ2007 አፕል በአዳዲሶቹ አይፖዶች መዝገብ ላይ ሌላ ቁልፍ ጨመረ፤ እሱም በቀናት ውስጥ ተፈታ። ኮምፒውተሩ እንደ ፍላሽ የሚያያቸው ርካሾቹ ማጫወቻዎች ግን ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረባቸውም። ሰክቶ መገልበጥ ብቻ! ለአንድ ጊዜ እንኳ ድህነት ጠቀመን።

ዛሬ አጥሩ ፈርሷል። የኤምፒስሪ ፓተንት በ2017 አብቅቷል። በ1998 የመጣው ሁለተኛው አይዲስሪ ዩኒኮድ ይቀበላል፤ ለገጣሚና ለዜማ ደራሲም የየራሳቸው ቦታ አለው። ሊኑክስ ላይ ኢዚታግን የመሰለ ነፃ መሣሪያ አለ። ሕጉም ቢሆን አለ፤ በ2004፣ በእኛ 1996፣ የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የፈጠራ ባለቤት ስሙ እንዲጠቀስለት መብት ይሰጠዋል።

ታዲያ ምን ጎደለ? የሚጽፍ ሰው! ስሞቹ ያሉት በየቤቱ አቧራ በለበሱ የካሴት ሽፋኖች ላይና በታላላቆቻችን ትዝታ ውስጥ ነው። ሽፋኖቹ እየተጣሉ ነው፤ የሚያስታውሱትም እያለፉ ነው።

እኛ ጀምረናል። ካሴቶቹን ከቁም ሳጥን ሥር አውጥተን፣ ሽፋናቸውን እያነበብን ስሞቹን አንድ በአንድ እንጽፋለን። እስካሁን ያለቁልን ጥቂት ናቸው፤ እንደ ሰፈራችን ስም ዓለም ገና ነው። እናንተም ፍላሻችሁን ለጓደኛ ከማዋሳችሁ በፊት ቢያንስ የአንድ ዘፈን ገጣሚ ስም ጻፉበት። «ትራክ 01» እናትና አባት ያወጡለት ስም አለው።