ሜዳና ሙያ፦ የውድድር ቅርጽ በአርባ ምንጭ እግር ኳስ ተጫዋቾች የሙያ ዘመን ላይ ያለው ተፅዕኖ

መግቢያ

ስለ አንድ ስፖርተኛ የሙያ ዘመን ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሱት የተፈጥሮ ችሎታው፣ ትጋቱና የደረሰበት ጉዳት ናቸው። ውድድሩ የትና እንዴት እንደሚካሄድ፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን የሚወስነው ሥርዓት ግን እምብዛም አይመረመርም። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ የውድድር ቅርጽ የተጫዋቹን መነሻና መድረሻ ይወስናል የሚል ነው። ማሳያውም ከጋሞ ዞን መቀመጫ ከአርባ ምንጭ የተወሰደ ነው። ከተማዋ ለብሔራዊ ቡድን አምበል አበርክታለች፤ ሆኖም ክለቧ በፕሪሚየር ሊጉ በተሳተፈባቸው የቅርብ ዓመታት የሊግ ጨዋታ በሜዳዋ አላስተናገደችም።

የክሪኬት ልምድ

ክሪኬት በአገራችን ባይዘወተርም ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ነባሩ የአገሮች ግጥሚያ እስከ አምስት ቀን ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ1971 በሜልቦርን የመጀመሪያው የአንድ ቀን ዓለም አቀፍ ግጥሚያ ተካሄደ። በዛሬው ደንብ መሠረት በዚህ ዓይነቱ ግጥሚያ እያንዳንዱ ቡድን የሚገጥመው 50 ኦቨር፣ ማለትም 300 ኳስ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 እንግሊዝ የ20 ኦቨር ውድድር ጀመረች፤ በ2008 ደግሞ የህንድ ፕሪሚየር ሊግ መካሄድ ጀመረ። ጨዋታው ባጠረ ቁጥር ለቴሌቪዥን ተስማሚ ሆነ፤ የቴሌቪዥን ገንዘብም አዲስ ዓይነት ባለሙያ ፈጠረ። ዛሬ የአምስት ቀኑን ግጥሚያ ሳይጫወቱ በአጫጭር ሊጎች ብቻ የሚተዳደሩ ክሪኬተኞች አሉ።

ለእኛ ትልቁን ትምህርት የሚሰጠው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የህንድ ሊግ እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሙሉ በሙሉ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ተካሄደ። በ2023 ግን በሜዳና ከሜዳ ውጪ ወደሚደረገው ሥርዓት ተመለሰ። ለችግር ጊዜ የተወሰደው እርምጃ ችግሩ ሲያልፍ አበቃ፤ በእኛ ሊግ የሆነው ግን፣ ከታች እንደሚታየው፣ ከዚህ የተለየ ነው።

ደጉ ደበበ፦ የአንድ ተከላካይ ጉዞ

በአርባ ምንጭ በ1976 ዓ.ም. የተወለደው ደጉ ደበበ ዕድሜው ለእግር ኳስ በደረሰበት በ1990ዎቹ ከተማዋ በሊጉ የራሷ ወኪል ነበራት። የአርባ ምንጭ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን በፕሪሚየር ሊጉ ይወዳደር ስለነበር፣ በከተማዋ ሰፈሮች በሴቻና በሲቀላ ያደገ ታዳጊ የአገሪቱን ታላላቅ ተጫዋቾች ለማየት አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልገውም ነበር። ደጉ በቅዱስ ጊዮርጊስ ረጅም ዘመን በመሀል ተከላካይነት ተጫውቶ የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ለመሆን በቃ።

የዚያ ትውልድ ታላቅ ቀን ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር። ኢትዮጵያ በኦምዱርማን በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፋ መጥታ በአዲስ አበባ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰኢድ ግቦች 2 ለ 0 አሸነፈች። የደርሶ መልሱ ድምር 5 ለ 5 ስለሆነ ከሜዳ ውጪ ባስቆጠረቻቸው ግቦች ብልጫ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ አለፈች። ይህ ውጤት በሜዳ መጫወት ምን ማለት እንደሆነ አሳይቷል፤ ለማለፍ የሚያስፈልገው ድል የተገኘው በራስ ሜዳ፣ በራስ ሕዝብ ፊት ነው።

በአፍሪካ ዋንጫው፣ ጥር 13 ቀን ኔልስፕሩይት ላይ፣ የኢትዮጵያ ተጋጣሚ የወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ ነበረች። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ከዕረፍት በፊት በቀይ ካርድ ሲወጣ ቡድኑ በአሥር ሰው ቀረ፤ ግብም ተቆጠረበት። በሁለተኛው አጋማሽ አዳነ አቻ አደረገ። ቁጥሩ የጎደለ ቡድን ሻምፒዮኑን ተቋቁሞ 1 ለ 1 የወጣው የተከላካዩ ክፍል መስመሩን ጠብቆ በመቆየቱ ነው። እንዲህ ያለ ጽናት በዓመታት የሊግ ጨዋታ የሚካበት ነው።

ከ2013 ወዲህ

በኮሮና ምክንያት የ2012 ውድድር ዘመን ከተሰረዘ በኋላ የፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበሩ ከቴሌቪዥን ስርጭት ኩባንያው መልቲቾይስ ጋር ከ22 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ የአምስት ዓመት የስርጭት ስምምነት ተፈራረመ። ከ2013 ጀምሮም ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች ብቻ መካሄድ ጀመሩ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳና አዳማ በተለያየ ጊዜ አስተናግደዋል። ደጋፊዎቹ አዞዎቹ የሚሉት የከተማዋ ክለብ አርባ ምንጭ ከተማ በ2014 ወደ ሊጉ ተመለሰ፤ በ2015 መጨረሻ ወረደ፤ በ2017 እንደገና ተመለሰ። በእነዚህ ሁሉ የውድድር ዘመናት የሜዳው ባለቤት ተብሎ የተመዘገበባቸው ጨዋታዎች እንኳ የተካሄዱት በሌሎች ከተሞች ነው።

ለዚህ ሥርዓት የሚቀርበው መከራከሪያ ክብደት አለው። የቀጥታ ስርጭት መሣሪያ ከከተማ ከተማ በየሳምንቱ ማጓጓዝ ውድ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የደጋፊዎች ግጭት ሊጉን ክፉኛ ፈትኖት ነበር። ስርጭቱም ተጫዋቹን በመላው አገሪቱ እንዲታይ አድርጎታል። ይህን ጥቅም ማጣጣል አይገባም።

ጉዳቱ ግን የሚያርፈው በሙያው ሥርና ጫፍ ላይ ነው። ከሥሩ ስንነሳ፣ ታዳጊው አቋቋምን፣ ዝላይንና የቦታ አያያዝን የሚማረው ጨዋታውን በሙሉ ሜዳ ላይ ሲያይ ነው፤ የቴሌቪዥን ካሜራ ግን ኳሱን እንጂ ከኳሱ ርቆ ቦታውን የሚያስተካክለውን ተከላካይ አያሳይም። ከጫፉ ደግሞ፣ ክለቡ የመግቢያ ገቢውን አጥቶ ለሆቴልና ለመጓጓዣ ወጪ ስለተዳረገ በከተማ አስተዳደሩ በጀት ላይ ይበልጥ ጥገኛ ሆኗል። በጀት ሲጓደል ደግሞ መጀመሪያ የሚነካው ደመወዝ ነው። በ2011 መጨረሻ የ50 ሺህ ብር የወር ደመወዝ ጣሪያ ሲወሰን ዓላማው የክለቦችን የወጪ ጫና ማቃለል ነበር። ሆኖም ጣሪያ መጣል የገቢ ምንጭ አይፈጥርም። ወራቱን በሆቴል የሚያሳልፍ፣ ውሉ አጭር የሆነ ተጫዋች ከሠላሳ ዓመቱ በኋላ የሚተማመንበት ነገር ጥቂት ነው።

ማጠቃለያ

ሦስት እርምጃዎች አስፈላጊ ናቸው። አንደኛ፣ አስተናጋጅነቱ በዙር እየተፈራረቀ በሊጉ ያሉ ክለቦች ከተሞች ሁሉ ቢያንስ የተወሰኑ ሳምንታት እንዲደርሳቸው ማድረግና ሜዳቸውን ለዚሁ ማዘጋጀት፤ ሁለተኛ፣ ከስርጭት ገቢው ከፊሉን የታዳጊ ቡድን ላላቸው ክለቦች ብቻ ማከፋፈል፤ ሦስተኛ፣ በእያንዳንዱ ውል ውስጥ የጉዳት መድንና ከጨዋታ ዘመን በኋላ የሚከፈል ቁጠባ እንዲካተት ማስገደድ። የመጀመሪያው ለሌሎቹ መሠረት ነው፤ ምክንያቱም ሜዳ ገቢም፣ ትምህርት ቤትም፣ የሕዝብ መሰብሰቢያም ነውና። ሊጉ አርባ ምንጭ ድረስ መሄድን እንደ ወጪ ብቻ ከቆጠረው፣ ነገ የሚፈልጋቸውን ተከላካዮች ከየት እንደሚያመጣ አብሮ ሊያስብበት ይገባል።