የአራስ ቤት ቃላት

የወለደችን ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላታለን። «ማረ» የችሎት ቃል ነው፤ የሚማር ሰው ሊቀጣ ሲል የተረፈ ሰው ነው። ወላዷ ምንም ጥፋት የለባትም። ሰላምታውን ያወጡት ሰዎች ግን ምጥ ስንቷን እንደሚወስድ አይተዋል፤ ስለዚህ «እንኳን ደስ አለሽ» ከማለት በፊት «ከሞት ተረፍሽ» አሏት። እ.ኤ.አ. በ2000 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች እንደሚሞቱ ገመተ። የ2016ቱ ጥናት 412 አለ። ከግማሽ በላይ ወርዷል፤ ሰላምታው ግን ገና ያለ ቦታው አልቀረም።

«ማረ» የመጣው ከግዕዙ «መሐረ» ነው፤ በሐመሩ ሐ ይጻፋል፤ «ምሕረት» ከእርሱ ነው። በሃሌታው ሀ የሚጻፍ ሌላ «መሀረ» አለ፤ ትርጉሙ አስተማረ፣ ልጁም «መምህር»። አማርኛ ሁለቱን የጉሮሮ ድምፆች ሲያጣ ሁለቱ ግሦች «ተማረ» ላይ ተገናኙ። ዕውቀት የቀሰመም ተማረ፤ ምሕረት ያገኘም ተማረ። የእናቶችን ጤና ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ይህ ግጥጥሞሽ ይገርመኛል፤ አዋላጇ ስትማር ወላዷም ትማራለችና። ሐኪሞቹ ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ገብተው፣ ለቀናት በተጓተተ ምጥ የተጎዱ ሴቶችን ሲያክሙ ቆይተው በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ። («ፊስቱላ» ላቲን ነው፤ ቧንቧ፣ የሸምበቆ ዋሽንት።) ጉዳቱን ከመጠገን ይልቅ አስቀድሞ መከላከል እንደሚሻል ስላመኑ ካትሪን በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ አቋቋሙ።

«አዋላጅ» ራሱ ጥሩ የሰዋስው ትምህርት ነው። ሥሩ «ወለደ» ነው። የግዕዙ «ወላዲ» መጨረሻው ላይ ያለው ዲ ለስልሶ ጅ ሆነና «ወላጅ» አለ፤ «ወልድ» ደግሞ ወ-ውን ጥሎ፣ ድ-ው ለስልሶ «ልጅ» ሆነ። «ልደታ» ሳይለወጥ የቀረ ግዕዝ ነው፤ «ልደቷ» ማለት ነው፤ ግንቦት 1 የምትታሰበው የእመቤታችን ልደት። «አዋለደ» የሚለው ግሥ ግን አማርኛ በራሱ መንገድ የሠራው ነው። «አ» ከፊት ይገባል፣ የመጀመሪያው ፊደል ወደ ራብዕ ይሳባል፣ ትርጉሙም «ሲያደርግ አገዘ» ይሆናል፦ ፈለገ፣ አፋለገ፤ አለቀሰ፣ አላቀሰ፤ ወለደ፣ አዋለደ። በዚህ ቅርጽ ውስጥ ሥራው የባለቤቱ ነው፤ ሌላው አጋዥ ነው። ሴትዮዋ ትወልዳለች፤ አዋላጇ ታዋልዳለች። እንግሊዝኛውም «ሚድዋይፍ» በጥንት ቃሉ «ሚድ» ማለት ከ… ጋር፣ «ዊፍ» ማለት ሴት ነው፤ ከሴቲቱ ጋር ያለች። ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች ሙያውን በአጠገብ መሆን ሰየሙት።

«የልምድ አዋላጅ» የሚለው አጠራር በሙያው በሠለጠኑና በልምድ ብቻ በሚያዋልዱ መካከል መስመር ያሰምራል። «ለመደ» በዕብራይስጥ ዘመዱ «ላመድ» ነው፤ ተማረ ማለት ነው፤ «ታልሙድ»ም ከዚያው። እኛ ዘንድ ግን ልምድ ከትምህርት ተለይቶ ቆመ። መለየቱ ክፋት የለውም፤ እጅ የለመደው ነገር የሚፈስን ደም አያቆምም። ያም ሆኖ ወላዷ መንደሯን ትታ ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ቀድመው ሊያምኑና ሊያሳምኑ የሚገባቸው እነዚሁ የለመዱት ሴቶች ናቸው።

«ነፍሰ ጡር» ላይ ልቆይ። «ጡር» ከግዕዙ «ጾረ» ነው፤ ተሸከመ። ጸ ወደ ጠ መዞሩ የታወቀ ነው፦ ጾም ጦም፣ ጸጉር ጠጉር። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ነፍስ የተሸከመች ናት። ከዚሁ ሥር «ጦረ» አለ፤ «ጧሪ» እና «ጡረታ»ም። እናት ልጇን ዘጠኝ ወር ትጦራለች፤ ልጅ በተራው እናቱን በእርጅናዋ ይጦራል፤ ግሡ አንድ ነው። የሸክሙ ልክ በእርግዝና ክትትል ይታያል፤ የደም ግፊት፣ የደም ማነስ፣ የፅንሱ አቀማመጥ። («ፅንስ» በፀሐዩ ፀ ነው፤ ከ«ጾረ» ጋር አይምታታብን።)

አሁን ወደ ቀበሌ እንውረድ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብርን ስትጀምር በየቀበሌው ሁለት ደመወዝተኛ ሴቶችን አስቀመጠች፤ የሚሠሩበትንም ቤት «ጤና ኬላ» አለችው። «ኬላ» ያረጀ ቃል ነው። በጊቤ መንግሥታትና በካፋ የድንበር በር ነበር፤ ኋላ ነጋዴ የሚፈተሽበትና ቀረጥ የሚከፍልበት ቦታ ሆነ። ሰው ኬላን የሚፈራው ስለሚያስከፍለው ነበር። ጤና ኬላ ግን ለነፍሰ ጡርና ለአራስ የሚሰጠው አገልግሎት ክፍያ የለውም። ቃሉ ቦታውን ይዞ ፍርሃቱን ጣለ፤ በትርጉም ለውጥ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ መልካም ዕድል የሚገጥማቸው ጥቂት ናቸው።

«ኤክስቴንሽን» ከግብርና የተወሰደ ነው፤ ከምርምር ጣቢያ እስከ ገበሬው ማሳ የሚዘረጋ ዕውቀት። በላቲን «ቴንዴሬ» መዘርጋት፣ መወጠር ነው። እነዚህ ሴቶች በክትባት ከሚከላከሏቸው በሽታዎች አንዱ ደግሞ ቴታነስ ነው፤ በግሪክ «ቴይኖ»፣ እወጥራለሁ፤ ጡንቻ የሚወጥር፣ እኛ በግልጽ «መንጋጋ ቆልፍ» ያልነው። ላቲኑና ግሪኩ ከአንድ ጥንታዊ ሥር የወጡ ወንድማማቾች ናቸው። ሠራተኛዋና በሽታው የአንድ ሥር ስም ይዘው በአንድ ጎጆ ተገናኙ። ንጹሕ ባልሆነ ምላጭ በተቆረጠ እትብት የሚገባው ይህ በሽታ ከእናቶችና ከጨቅላዎች ላይ በአገር ደረጃ መወገዱ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ በመጨረሻ የቀረው የሶማሌ ክልል ነበር። መሣሪያው «ክትባት» ከ«ከተበ» ነው፤ ጻፈ። ከእርሱ የወጣው «ክታብ» አንገት ላይ የሚንጠለጠል የተጻፈ መከላከያ ነበር። ስለዚህ መርፌው ሲመጣ አዲስ ስም አላስፈለገውም፤ ከክፉ የሚጠብቅ ነገር ስም ተዘጋጅቶ ቆይቶታል።

ጤና ጣቢያ ሩቅ ለሆነባት «የእናቶች ማቆያ» አለ፤ ከ«ቆየ»። በጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የመውለጃቸው ቀን የቀረበ እናቶችን እያቆየ ነው።

ልጁ ከወጣ በኋላ «እንግዴ ልጅ» ይጠበቃል። «እንግዳ» በግዕዝም እንግዳ ነው፤ የእንግዴ ልጅ መዘግየት ደግሞ ደም መፍሰስን ያመጣል፤ ከእናቶች ገዳዮች ዋነኛው ይኸው ነው። «ሆስፒታል»ም ከላቲኑ «ሆስፔስ» ነው፤ እንግዳ፣ እንግዳ ተቀባይ። እንግዴ ልጅ በእንግዳ ቤት ቢወጣ የተሻለ ነው። እዚያ የሚጠብቀው መድኃኒት ኦክሲቶሲን ይባላል፤ ግሪኮቹ «ኦክሲስ» ያሉት ፈጣን፣ «ቶኮስ» ወሊድ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ መብራት በሌለበት ቀበሌ ይህ ትልቅ ችግር ነው፤ ለዚህም ማቀዝቀዣ የማይጠይቀው የሚሶፕሮስቶል እንክብል በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እጅ ገባ።

«አራስ» ከሁሉም ይልቅ ታስደስተኛለች። ግዕዙ «ሐራስ» ነው፤ ባቢሎናውያን በአካድኛ «ሐሪሽቱ» የሚሏት ሴት ነበረቻቸው፤ ወልዳ የተኛች፣ ከሰው የተለየች። ቃሉ ሴትን ለመለየት ሳይሆን ለማሳረፍ በሺህ ዘመን ተጉዞ እኛ ዘንድ ገንፎና አጥሚት ያለበት ቤት ደረሰ። አራስ የወንድ ልጅ እናት ከሆነች እስከ 40 ቀን፣ የሴት ከሆነች እስከ 80 ቀን፣ እስከ ክርስትናው ድረስ። የዓለም ጤና ድርጅት የእናት ሞትን ሲበይን ከእርግዝናው ፍጻሜ በኋላ እስከ 42ኛው ቀን ይቆጥራል። ቤተ ክርስቲያንና ሐኪም ተነጋግረው አይደለም፤ ያም ሆኖ 40ውና 42ቱ ተቀራረቡ። አደጋው የሚከማቸው ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነውና፣ ጠያቂ የሚበዛበት አራስ ቤት የሙቀትና የደም ግፊት መለኪያም ቢገባበት እወዳለሁ።

ወደ ልጁ። «ጨቅላ» በሕዝብ አፍ ማንኛውም ገና ያልጠና ልጅ ነው፤ ሕክምናው ቃሉን አጥብቦ እስከ 28 ቀን ወሰነው። በጨቅላዎች ላይ ለውጡ የእናቶችን ያህል አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ 29 ሞቱ፣ በ2019 ደግሞ 33። ያለ ጊዜያቸው ከሚወለዱት ብዙዎቹን የሚያድነው ሕክምና ርካሽ ነው፤ ሕፃኑን ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ ማስተኛት። በኮሎምቢያዋ ቦጎታ እ.ኤ.አ. በ1978 ተጀመረ፤ ስሙም «የካንጋሮ እንክብካቤ» ሆነ። «ካንጋሮ» የአውስትራሊያ የጉጉ ይሚትር ቋንቋ «ጋንጉሩ» ነው፤ የካፒቴን ኩክ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1770 መዝግበውት ነው ዓለምን የዞረው።

እኛ ግን «ሕፃን» አለን። ሥሩ «ሐፀነ» ነው፤ አቅፎ አሳደገ፤ «ሕፅን» እቅፍ፣ ጉያ ነው። ሕፃን ማለት በጉያ ያለ ማለት ነው። ለዚህ ሕክምና በመማሪያ መጻሕፍት «የሕፅን እንክብካቤ» ብንለው ግዕዙ ይሸከመዋል፤ በጤና ኬላ ግድግዳ ላይ ደግሞ «ጉያ» ተብሎ ቢጻፍ የትኛዋም እናት ያለ ማብራሪያ ታነበዋለች።