ከአገልግሎት ውጭ የሆኑ ቴፖች፣ ካሴቶችና የድምፅ ማጉያዎች አያያዝና አወጋገድ
ለመካነ ሰላምና አካባቢው ነዋሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

በመካነ ሰላም ከተማ እንዲሁም በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላና በሳይንት ወረዳዎች ሙዚቃ በስልክና በፍላሽ መደመጥ ከጀመረ ወዲህ ቴፕ፣ ካሴትና አሮጌ ማጉያ የገበያ ዋጋቸው እጅግ ቀንሷል። ይሁን እንጂ የዕቃው ዋጋና በካሴቱ ላይ የተቀዳው ድምፅ ዋጋ የተለያዩ ናቸው። ካሴት የሠርግ ጭፈራ፣ የመንዙማና የአዝማሪ ጨዋታ ተቀድቶበታል፤ ወደ ዐረብ አገር ከሄዱ ቤተሰቦች ጋር በድምፅ መልእክት ለመለዋወጥም አገልግሏል። እንዲህ ያለው ቅጂ ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ በመሆኑ ከጠፋ አይተካም።

1. ከመሸጥዎ በፊት ካሴቶቹን ይለዩ
በቤት ውስጥ የተቀዱትን በገበያ ከተገዙት ይለዩ። በላያቸው ሌላ ድምፅ በስሕተት እንዳይቀዳ በካሴቱ ጀርባ ጠርዝ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ከንፈሮች ይስበሩ። ካሴቶቹን ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ማግኔት ካለው ትልቅ ድምፅ ማጉያ ያርቁ።

2. ድምፁን ወደ ኮምፒውተር ያስገልብጡ
የሚሠራ ቴፕ ካለዎት ሁሉም ካሴት ሳይገለበጥ አይሽጡት። ቴፑ ካሴቱን የሚያዞረው ላስቲክ በመላላቱ ወይም የማንበቢያው ጭንቅላት በመቆሸሹ ብቻ ቆሞ ሊሆን ስለሚችል በቅድሚያ ለጠጋኝ ያሳዩ። ቅጂው የሚከናወነው ካሴቱ እየተጫወተ በመሆኑ የ60 ደቂቃ ካሴት አንድ ሰዓት ይወስዳል። የተቀዳበትን ቦታ፣ ዘመንና የተጫዋቹን ስም አብረው ይመዝግቡ። የታተሙ የሙዚቃ ሥራዎችን አባዝቶ መሸጥ ግን በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ ነው።

3. የባህል ቅርስነት ያላቸውን ቅጂዎች ያሳውቁ
የቆዩ የአካባቢ ዜማዎችን የያዙ ካሴቶች ያሏቸው ነዋሪዎች የወረዳቸውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሊያማክሩ ይችላሉ። በአገር አቀፍ ደረጃ መዛግብትን የሚያሰባስበው ተቋም አዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ነው። ዋናውን ካሴት ከመስጠትዎ በፊት ግልባጩን ለራስዎ ያስቀሩ።

4. የማይጠገነውን ዕቃ በጥንቃቄ ያስወግዱ
• የባትሪ ድንጋዮችን ያውጡ፤ ፈሳሽ ያወጣውን በባዶ እጅ አይንኩ።
• ማጉያን በራስዎ አይክፈቱ፤ ከኤሌክትሪክ ከተነቀለ በኋላም በውስጡ አደገኛ ኃይል ሊቀር ይችላል።
• መዳብ ለማውጣት ሽቦ አያቃጥሉ፤ የፕላስቲኩ ጭስ መርዛማ ነው።
• ሰርኪዩት ቦርዶች እርሳስ ሊይዙ ስለሚችሉ በማሳ፣ በወንዝ ዳር ወይም በምንጭ አጠገብ አይጣሉ፤ አይቅበሩም።
• ለቆራሌው ሲሸጡ ሳይፈታቱ በሙሉ አካላቸው ያስረክቡ።

የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 ይመራል። ዕቃውን የት ማስረከብ እንደሚቻል ለማወቅ በሚኖሩበት ከተማ ወይም ወረዳ የአካባቢ ጥበቃ ሥራን የሚመራውን ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።