በመስተዋት የተከለለ ባሕር

በሳሎን ግድግዳ ውስጥ የዓሣ ገንዳ ለመሥራት ከመቻሉ በፊት፥ ዓሣ በታቈረ ውኃ እንዴት እንደሚኖር ማወቅ አስፈልጎ ነበር። ይህንን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1850 ዓ.ም. የገለጠው ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የሎንዶን ኬሚስት ነው። ሁለት ወርቃማ ዓሦችን ከውኃ ተክል ጋራ ቢያኖር፥ ተክሉ ኦክሲጅን ሰጣቸው፤ ነገር ግን ቅጠሉ እየበሰበሰ ውኃውን አደፈረሰው። ብስባሹን የሚበሉ ቀንድ አውጣዎች ሲጨመሩ ውኃው ጠራ። ያ ትንሽ ፍጥረት ባይኖር ድካሙ ከንቱ በሆነ ነበር።

የመስተዋት ግብር በ1845 ተሽሮ ስለ ነበር ዋጋው ረክሷል። በ1853 በሎንዶን የአራዊት ማኖሪያ የዓሣ ቤት ለሕዝብ ተከፈተ፤ በማግሥቱ ዓመት ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ስለዚሁ ጥበብ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ ወዲያ ብዙው ሰው ባሕርን ወደ ሳሎኑ ለማግባት ተሽቀዳደመ፤ የእንግሊዝ ጠረፍ ኵሬዎችም በሰብሳቢዎች ተራቈቱ። ልጁ ኤድመንድ በ1907 ባወጣው መጽሐፍ፥ ያባቱ ጽሑፎች ሳያስቡት ያመጡትን ይህን ጥፋት በኀዘን መስክሯል።