ከቆዳ ተነሥቶ ኦቫሪ ላይ የሚደርስ ካንሰር እንዴት ይታወቃል?

አንዲት ሴት ሆዷ ሲነፋ ወይም ከእምብርቷ በታች ሲያማት በኩፓት ሆሊም አልትራሳውንድ ትታዘዛለች። ኦቫሪ (የእንቁላል ማምረቻ) ላይ እብጠት ከተገኘ ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚያስበው እዚያው የተነሣ ነገር መሆኑን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነው። አልፎ አልፎ ግን ከሌላ የሰውነት ክፍል የመጣ ካንሰር ይሆናል። ከጡት፣ ከጨጓራና ከአንጀት የሚመጣው ይበዛል። ሜላኖማ ከሚባለው የቆዳ ካንሰር የሚመጣው ጥቂት ስለሆነ ይዘነጋል።

ሜላኖማ የነጮች በሽታ ነው ሲባል እንሰማለን። በእነርሱ ላይ መብዛቱ እውነት ነው፤ ጥቁር ቆዳ ግን ነፃ አይደለም። በእኛ ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ በማይነካው ቦታ፣ በውስጥ እግር፣ በመዳፍ ወይም በጥፍር ሥር ነው። ቦብ ማርሌ ላይ በ1977 የተገኘው በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር ነበር፤ በ1981 በ36 ዓመቱ ሞተ። «ጫማ ልጦኝ ነው» ተብሎ የሚተው ጥቁር ቁስል ስንት ነው!

አልትራሳውንድና ሲቲ እብጠቱን ያሳያሉ እንጂ ከየት እንደመጣ አይናገሩም። ሲኤ-125 የተባለው የደም ምርመራም አይለየውም። ቁርጡን የሚያውቀው በቀዶ ሕክምና ወይም በመርፌ የተወሰደውን ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚያየው ፓቶሎጂስት ነው። ሜላኖማ ሁልጊዜ ጥቁር ስላልሆነ ሌላ ካንሰር ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ኤስ-100፣ ኤችኤምቢ-45፣ ሜላን-ኤና ሶክስ-10 በሚባሉ ልዩ ምርመራዎች ይፈትሸዋል። እነዚህን የሚያደርገው ግን ከጠረጠረ ነው፤ ጥርጣሬውም በአብዛኛው የሚነሣው ከታካሚዋ ታሪክ ነው።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በሽታው ነጥቡ ከተቆረጠ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሊመለስ ይችላል። ጎንደር ወይም አዲስ አበባ የተቆረጠ ነጥብ ደግሞ እዚህ ፋይል ውስጥ የለም። እናት ስለ ማህፀኗ በልጇ አስተርጓሚነት ስትናገር ሁለቱም ያፍራሉ፤ ግማሹ ሳይነገር ይቀራል። በጤና ሚኒስቴር የ2011 መመሪያ መሠረት በቤር ሸቫ ሶሮካም ሆነ በኩፓት ሆሊም የትርጉም አገልግሎት መጠየቅ ይቻላል። የ1996ቱ የታካሚ መብት ሕግም የሕክምና ፋይልን ቅጂ መውሰድንና ሌላ ሐኪም ማማከርን ይፈቅዳል።

መለየቱ ሕክምናውን ይለውጣል። ለኦቫሪ ካንሰር የሚሰጠው ኬሞቴራፒ ለሜላኖማ እምብዛም አይረዳም፤ ለሜላኖማ ከ2011 ወዲህ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቁ መድኃኒቶች አሉ። ስለዚህ ከቆዳዋ ነጥብ የተቆረጠላት ሴት ለማህፀን ሐኪሙ፣ ቢያንስ በዕብራይስጥ «ሆሪዱ ሊ ሹማ» (ነጥብ አውጥተውልኛል) ብላ፣ ቦታውንና ዓመቱን እንድትነግር እንመክራለን።