ጥርስ የሚለው ቃል

ደብተራችሁን ያዙና አንድ ቃል ጻፉ። ጥ፣ ር፣ ስ። ጥርስ።

ዱብቲ ውስጥ አንድ አዛውንት ተማሪ፣ «መምህር፣ የጥጥ መዳመጫው መኪና አፍ የለውም። ታዲያ ጥርስ ከየት አመጣ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው።

ቃሉ የቆየ ነው። በግዕዝ ጥርስ ስን ይባላል። ትግርኛም ስኒ ይላል። እህል የሚፈጨው መንጋጋ ደግሞ በግዕዝ ፅርስ ነው። ዐረብኛም ሲን እና ዲርስ ብሎ ሁለቱን ይለያቸዋል። አማርኛ ግን ስንን ተወና የመንጋጋውን ስም ለሁሉም ሰጠ። አፋርኛ ኢኮ ይላል፤ እሱ ሌላ ቃል ነው።

ከዚያ ቃሉ ከአፍ ወጣ። የሚዶ ጥርስ፣ የመጋዝ ጥርስ፣ የማጭድ ጥርስ፣ የቁልፍ ጥርስ አልን። ትንንሽ ሆኖ ተደርድሮ የወጣውን ሁሉ ጥርስ አልነው።

እናቶቻችን ጥጥ ሲዳምጡ ጥርስ አላስፈለጋቸውም። ጥጡን ድንጋይ ላይ አድርገው፣ የብረት ዘንግ እያንከባለሉ ፍሬውን ያወጡታል። በ1793 እ.ኤ.አ. ግን ኤላይ ዊትኒ የሚባል አሜሪካዊ በሚሽከረከር እንጨት ላይ የሽቦ ጥርስ ተከለ። ጥርሱ ጥጡን ነክሶ በጠባብ ቀዳዳ ይስበዋል። ፍሬው አያልፍም፣ እዚያው ይቀራል። ጥጡን ከጥርሱ ላይ ብሩሽ ይጠርገዋል። ኋላ በሽቦው ፋንታ ክብ መጋዝ ገባ።

መዳመጡ ፈጠነ፤ ለቃሚው ግን አላረፈም። እንዲያውም ባሰበት። በአሜሪካ በ1790 እ.ኤ.አ. 700,000 ያህል ባሮች ነበሩ። በ1860 እ.ኤ.አ. 4 ሚሊዮን ያህል ሆኑ። ብዙዎቹ የጥጥ እርሻ ላይ ይሠሩ ነበር።

ወደ እኛም አገር ሰፊ የጥጥ እርሻ መጣ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሚቼል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ተንዳሆ ላይ እርሻ ከፈተ። ዱብቲም በጥጡ አደገች። በ1967 ዓ.ም. እርሻው የመንግሥት ሆነ። መሬቱ ግን ቀድሞ ባዶ አልነበረም። አዋሽ ሞልቶ ሲጎድል ሣር ይበቅልበታል፤ በበጋ የአፋር ከብት የሚሰማራው እዚያ ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ ሲመጣ ከብቱ የሚሸሽበት አጣ። ከብቱም ሰውም አለቀ።

ለአዛውንቱ ይህንን ሁሉ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ «ቃሉን ዛሬ ጻፍኩት እንጂ ጥርሱንስ ድሮም አውቀዋለሁ» አሉኝ።

እስከ ነገ የመጋዝ ጥርስ፣ የሚዶ ጥርስ፣ የመዳመጫ ጥርስ ብላችሁ ጻፉ። ደህና ዋሉ።